ተሸንፎ መመለስ፦ ከጆርጂያ ምርጫ ምን እንማራለን?

«የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል» ይላል ያገራችን ሰው። አባባሉ በፖለቲካው መስክ እጅግ ይሠራል። ተወዳድሮ የተሸነፈን ሰው ጠላቱም ወዳጁም ይጠርበዋል። ጠላቱ «አላልናችሁም ነበር?» ሲል ይሳለቃል፤ ወዳጁ ደግሞ «ከእንግዲህስ ለሌላ ይልቀቅ» እያለ ያጉረመርማል። ያው ሰው ዓመታት ቆይቶ ለዚያው ወንበር ዳግመኛ ሲቀርብማ፣ ወይ የሥልጣን ጥመኛ ነው ወይ ሐፍረት የለውም መባሉ አይቀርም። እኛ በስደት በምንኖርባት በአትላንታ ከተማ፣ በቡና ቤቱም በታክሲ ማቆሚያውም፣ ከቅዳሴ በኋላም በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ፣ ለዓመታት ሲነሣና ሲወድቅ የኖረ አንድ ክርክር ነበረ። ይኸውም የጆርጂያ ክፍለ ግዛት አገረ ገዥ ለመሆን ሁለት ጊዜ ተወዳድረው ሁለቱንም ጊዜ የተሸነፉትን የወይዘሪት ስቴሲ ኤብራምስን ጉዳይ የሚመለከት ነው።

ክርክሩ ብዙውን ጊዜ «ጀግና ናት» በሚሉና «አበቃላት» በሚሉ ወገኖች መካከል ተወስኖ ይቀራል። እኛ ግን ጥያቄው በሌላ በኩል መነሣት አለበት እንላለን። አንድ ዕጩ ስንት ጊዜ ተሸነፈ የሚለው ትልቁ ነገር አይደለም። ትልቁ ነገር፣ ተሸናፊው በሽንፈቱ ማግሥት የት አደረ? በሁለቱ ምርጫዎች መካከል ባሉት ዓመታትስ ምን ሠራ? የሚለው ነው። ለእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች የሚሰጠው መልስ፣ አንድ አገር ምርጫ አለው ወይስ የምርጫ ድግስ ብቻ የሚለውን ይነግረናል። ይህንንም የምንለው ስለ ጆርጂያ ብለን ብቻ አይደለም። የአገራችን ተወዳዳሪዎች ከምርጫ በኋላ ወደ ቤታቸው ሳይሆን ወደ ቃሊቲ ሲወርዱ ስላየን ጭምር ነው። (የአሜሪካውን ጉዳይ በፈረንጅ አቆጣጠር፣ የአገራችንን ደግሞ «ዓ.ም.» እያልን በራሳችን አቆጣጠር ጽፈነዋል።)

ዳኛውም ተጋጣሚውም አንድ ሰው ሲሆን

ወይዘሪት ኤብራምስ በሚሲሲፒ አድገው በልጅነታቸው ወላጆቻቸውን ተከትለው አትላንታ የመጡ፣ በስፔልማን ኮሌጅ የተማሩ፣ በኋላም ከዬል ዩኒቨርሲቲ በሕግ የተመረቁ ሰው ናቸው። በ2006 ለጆርጂያ የእንደራሴዎች ምክር ቤት ተመረጡ። ከ2011 እስከ 2017 ድረስም በዚያ ምክር ቤት የአናሳው የዴሞክራቲክ ፓርቲ ቡድን መሪ ሆነው አገለገሉ። በ2018 ለአገረ ገዥነት የፓርቲያቸው ዕጩ ሆነው ሲመረጡ፣ ከሁለቱ ታላላቅ ፓርቲዎች በአንዱ ለዚህ ሥልጣን ዕጩ ለመሆን የበቁ የመጀመሪያዋ ጥቁር አሜሪካዊት ሴት ሆኑ።

ተጋጣሚያቸው የሪፐብሊካን ፓርቲው ብራያን ኬምፕ ነበሩ። ሚስተር ኬምፕ ያን ጊዜ የክፍለ ግዛቱ ዋና ጸሐፊ ነበሩ፤ በጆርጂያ ሕግ ደግሞ ምርጫን የሚያስተዳድረው፣ የመራጮችን መዝገብ የሚጠብቀው፣ ውጤቱንም የሚያጸድቀው ይኸው ባለሥልጣን ነው። በአጭሩ ዳኛውም ተጋጣሚውም አንድ ሰው ሆኑ። ሥልጣናቸውን የለቀቁት ድምፅ ከተሰጠ ከሁለት ቀን በኋላ፣ ኅዳር 8 ቀን 2018 ነበር።

በዚያ ውድድር ኬምፕ 1 ሚሊዮን 978 ሺህ ገደማ፣ ኤብራምስ 1 ሚሊዮን 923 ሺህ ገደማ ድምፅ አገኙ። ልዩነቱ 55 ሺህ እንኳ አይሞላም። የጆርጂያ ሕግ አሸናፊው ከግማሽ በላይ ድምፅ እንዲያገኝ ያዝዛል። ወይዘሪት ኤብራምስ ወደ 17 ሺህ 500 የሚጠጋ ተጨማሪ ድምፅ ቢቆጠርላቸው ኖሮ ነገሩ ወደ መለያ ምርጫ በሄደ ነበር።

ስለ መዝገቡ አያያዝ የተነሣው ቅሬታ ከዚህ ቀጭን ልዩነት ጋር የተያያዘ ነው። ከምርጫው አንድ ወር ቀደም ብሎ የአሶሺየትድ ፕሬስ የዜና ወኪል እንደዘገበው፣ 53 ሺህ ያህል የምዝገባ ማመልከቻዎች በእንጥልጥል ተይዘው ነበር፤ ከእነዚህም 70 በመቶ ያህሉ የጥቁሮች ነበሩ። ምክንያቱ «ፍጹም መመሳሰል» የሚባለው ደንብ ነው። በምዝገባ ቅጹ ላይ የተጻፈው ስም በመንጃ ፈቃድ ወይም በሶሻል ሴኩሪቲ መዝገብ ላይ ካለው በአንዲት ፊደል ቢለይ ማመልከቻው ወደ ጎን ይቀመጣል። አመልካቹ በምርጫው ቀን ተገቢውን መታወቂያ ይዞ ከቀረበ ድምፅ መስጠት ይችል ነበር፤ ይህን የሚያውቅና የማያውቅ ግን አንድ አይደለም።

ይህ ነገር ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ሩቅ አይደለም። ስማችን በፈረንጅ ፊደል ሲጻፍ ምን እንደሚደርስበት ሁላችንም እናውቃለን። ወልደ ማርያም በአንዱ መሥሪያ ቤት አንድ ቃል፣ በሌላው ሁለት ቃል፣ በሦስተኛው ደግሞ በመካከሉ ሰረዝ ያለበት ስም ነው። «ጸ»ን፣ «ቀ»ን፣ «ጠ»ን የሚወክል ፊደል ስለሌላቸው እያንዳንዱ ጸሐፊ በገዛ ግምቱ ይጽፋቸዋል። የአባታችን ስም የቤተሰብ ስም ይሆናል፤ አንዳንዴም የአያታችን። ለዓመታት ዜግነት ጠብቆ፣ እጁን አንሥቶ ቃለ መሐላ የፈጸመ ሰው በአንዲት ፊደል ሳቢያ ከመራጮች መዝገብ ሊንጠለጠል ይችል ነበር። ከዚህም ሌላ፣ ዜግነት ካገኙ በኋላ የመንጃ ፈቃድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ሳይታረም በመቅረቱ «የውጭ ዜጋ» ተብለው የተለዩ ከ3 ሺህ በላይ ሰዎች ነበሩ። ምርጫው አራት ቀን ሲቀረው የፌዴራል ዳኛዋ ኤሊኖር ሮስ እነዚህ ሰዎች የዜግነት ማስረጃቸውን ለምርጫ አስፈጻሚው አሳይተው በመደበኛው መንገድ እንዲመርጡ አዘዙ። የክፍለ ግዛቱ ምክር ቤትም በ2019 ባወጣው ሕግ የ«ፍጹም መመሳሰል»ን ደንብ አላላው።

ከሽንፈት ማግሥት

ኅዳር 16 ቀን 2018 ወይዘሪት ኤብራምስ በሕዝብ ፊት ቀርበው፣ ኬምፕ አገረ ገዥ ተብለው እንደሚጸድቁና ይህንንም ለመለወጥ የሚያስችል የሕግ መንገድ እንደሌላቸው ተናገሩ። ሆኖም ንግግራቸው ምርጫው ትክክል ነበር ብሎ እንደ መቀበል እንዳይቆጠርባቸው ገለጹ። በዚያው ወር ያቋቋሙት ድርጅት የክፍለ ግዛቱን የምርጫ አስተዳደር በፌዴራል ፍርድ ቤት ከሰሰ።

እዚህ ላይ የአገራችንን ፖለቲካ የሚያውቅ ሁሉ ቆም ብሎ ሊያስብ ይገባል። ገዥውን ወገን በአደባባይ «መዝገቡን አበላሽተሃል» ያሉት ሴት ያን ዕለት ማታ የት አደሩ? በቤታቸው። የድርጅታቸው ቢሮ አልታሸገም፤ ደጋፊዎቻቸው ከየቤታቸው አልተለቀሙም፤ ያገኙትን መረጃ ያተመ ጋዜጣም አልተዘጋም። ክሱ አራት ዓመት ያህል ፈጀ። መስከረም 30 ቀን 2022 ዳኛ ስቲቭ ጆንስ፣ የተባሉት አሠራሮች ሕገ መንግሥቱንም ሆነ የመራጮችን መብት ሕግ አልጣሱም ብለው ፈረዱባቸው። ዳኛው በዴሞክራቱ ፕሬዚዳንት በኦባማ የተሾሙ ሰው ናቸው። እንግዲህ ከሳሽ በፍርድ ቤት ተረታ፤ ከሳሽነቱ ግን ወንጀል አልሆነበትም።

ሁለተኛው ጥያቄ በመካከሉ ምን ተሠራ የሚለው ነው። ወይዘሪት ኤብራምስ ለሥልጣኑ ከመወዳደራቸው ዓመታት በፊት ጀምረው ያልተመዘገበውን መራጭ የሚመዘግብ ድርጅት አቋቁመው ነበር። በ2014 ብቻ ከ80 ሺህ በላይ ቅጾችን አሰባስቦ አስገብቷል። ከ2018 ሽንፈት በኋላ ሥራው ሰፋ። እርሳቸው ብቻቸውን አልሠሩትም፤ በየካውንቲው በር ሲያንኳኩ የከረሙ፣ ስማቸው የማይጠራ ብዙ ሰዎች አሉ። በኅዳር 2020 ጆርጂያ ከ1992 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ለዴሞክራቲክ ፓርቲ ፕሬዚዳንታዊ ዕጩ ድምፅዋን ሰጠች፤ ልዩነቱ 11 ሺህ 779 ድምፅ ብቻ ነበር። ጥር 5 ቀን 2021 በተካሄደው የመለያ ምርጫ ደግሞ ራፋኤል ዋርኖክና ጆን ኦሶፍ አሸንፈው፣ የዋሽንግተኑ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት በእነርሱ ሁለት ወንበሮች ከአንዱ ፓርቲ ወደ ሌላው ተላለፈ። በ2018 የተሸነፈችው ዕጩ ያስመዘገበችው መራጭ ሌሎችን ዕጩዎች ለወንበር አበቃ ማለት ነው።

እርግጥ ነው፣ «ታዲያ ይህ ከዶናልድ ትራምፕ በምን ይለያል? እርሳቸውስ አልተሸነፍኩም አላሉምን?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ልንሸሸውም አይገባም። በ2018 ወይዘሪት ኤብራምስ ቃላቸውን አለሳልሰው «ተሸንፌአለሁ» ማለትን እምቢ ማለታቸው፣ በኋላ ሌሎች ለከፋ ዓላማ የተጠቀሙበትን በር በጥቂቱም ቢሆን ከፍቷል የሚለው ትችት ከባዶ የመጣ አይደለም። ነገር ግን መለያው መስመር ግልጽ ነው። ጥር 2 ቀን 2021 ፕሬዚዳንት ትራምፕ ለጆርጂያው ዋና ጸሐፊ ለብራድ ራፈንስፐርገር ስልክ ደውለው 11 ሺህ 780 ድምፅ እንዲገኝላቸው ጠየቁ። አንዱ ወገን ውጤቱ እንደሚጸድቅ ተናግሮ አቤቱታውን ይዞ ወደ ዳኛ ሄደ፤ ሌላው ቆጣሪውን በስልክ ተማጸነ። ራፈንስፐርገር እምቢ አሉ። ወደ 5 ሚሊዮን የሚጠጋ የድምፅ ወረቀት በእጅ እንደገና ተቆጥሮ ውጤቱ ጸንቶ ነበር። አገረ ገዥ ኬምፕም የገዛ ፓርቲያቸውን ፕሬዚዳንት ቁጣ ችለው ያንን ውጤት አጸደቁ። በ2018 ስማቸው በክፉ የተነሣው ሰው በ2020 ሕጉን ጠበቁ። ለሐቅ የቆመ ሰው ይህንንም መመስከር አለበት።

ሁለተኛው ሽንፈት

በ2022 ኤብራምስና ኬምፕ ዳግም ተገናኙ። በዚህ ጊዜ ልዩነቱ ወደ 300 ሺህ ድምፅ ሰፋ፤ ኬምፕ 53.4 በመቶ፣ ኤብራምስ 45.9 በመቶ አገኙ። ወይዘሪት ኤብራምስ ኅዳር 8 ቀን፣ በዚያችው ሌሊት፣ ለተጋጣሚያቸው ደውለው ሽንፈታቸውን ተቀበሉ።

ምክንያቱን መመርመር ለእኛ ይጠቅመናል። ምክር ቤቱ በመጋቢት 2021 አዲስ የምርጫ ሕግ አውጥቶ ነበር። ሕጉ የድምፅ ማስገቢያ ሳጥኖችን ቁጥር ቀነሰ፤ በምርጫ ጣቢያ ሰልፍ ላይ ላሉ ሰዎች ምግብና ውኃ ማደልንም ከለከለ። ብዙዎች በትክክል ተቃውመውታል። ሆኖም በዚያው ዓመት፣ በዚያው ሕግ፣ በዚያው የመራጮች መዝገብ፣ የዚያው ፓርቲ ዕጩ ዋርኖክ ለሕግ መወሰኛው ምክር ቤት በድጋሚ ተወዳድረው በታኅሣሥ መለያ አሸነፉ። ይህ ማለት በመቶ ሺህዎች የሚቆጠር ሰው በአንድ ወረቀት ላይ ዋርኖክንና ኬምፕን አንድ ላይ መርጧል ማለት ነው። ስለዚህ የሁለተኛው ሽንፈት መነሻ የፖለቲካ ፍርድ እንጂ የመዝገብ ጉዳይ አልነበረም። ኬምፕ ለትራምፕ አለመታዘዛቸው መሐል ሰፋሪውን መራጭ አቀረበላቸው። ሥልጣን ላይ ያለ ሰው ያለው ጥቅምም ነበራቸው። ወይዘሪት ኤብራምስ ይህን ተረድተው «ተሰረቅሁ» አላሉም። አንድ ተወዳዳሪ የተሰረቀበትን ምርጫ ካልተመረጠበት ምርጫ ለይቶ ማወቁ ታላቅ ነገር ነው። ሁልጊዜ «ተሰረቅሁ» የሚል ሰው በእውነት በተሰረቀ ቀን የሚሰማው አያገኝም።

ሌላም ትምህርት አለ፤ እርሱ ግን መራር ነው። የ2022 ዘመቻቸው ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰብስቦ ሳለ በዕዳ ነበር ያበቃው። ቀደም ብለው ያቋቋሙት የመራጮች ምዝገባ ድርጅትም፣ በ2018 ምርጫ ላይ ያወጣውን ገንዘብ እንደ ሕጉ አላሳወቀም ተብሎ በጥር 2025 የ300 ሺህ ዶላር ቅጣት ተጣለበት። ድርጅቱ ጥፋቱን አምኖ ቅጣቱን ተቀበለ። እንደሚታወቀው በእኛም ማኅበረሰብ ለአገር ጉዳይ እየተባለ በየአዳራሹ ገንዘብ ሲዋጣ ኖሯል፤ ሒሳቡ ተመርምሮ በአደባባይ የቀረበበት ጊዜ ግን ስንት ነው? ዓላማው ቅዱስ ስለሆነ ሒሳቡ አይጠየቅም የሚለው ልማድ የቅዱሱን ዓላማ ስም ያጎድፋል።

መመለስ ብቻውን ጽድቅ አይደለም

ጆርጂያ ደጋግሞ መወዳደርን ከኤብራምስ አልተማረችም። ሌስተር ማዶክስ የሚባል የአትላንታ ምግብ ቤት ባለቤት ነበር። በ1957ና በ1961 ለከተማዋ ከንቲባነት፣ በ1962 ለምክትል አገረ ገዥነት ተወዳድሮ ሦስቱንም ተሸነፈ። በ1964 ጥቁር ደንበኞችን ከምግብ ቤቱ ደጃፍ ሽጉጥ ይዞ በማባረሩ ስሙ ገነነ። በ1966 ለአገረ ገዥነት ቀረበ፤ ከተቀናቃኙ ያነሰ ድምፅ አግኝቶ ሳለ፣ ማንም ግማሹን ባለማለፉ ምክር ቤቱ ወንበሩን ለእርሱ ሰጠው። ጽናት የሚባለው ነገር ለክፉ ዓላማም ያገለግላል ማለት ነው።

በዚያው በ1966፣ በዚያው የፓርቲ ውስጥ ውድድር፣ ሦስተኛ የወጣ አንድ የኦቾሎኒ ገበሬ ነበር፤ ጂሚ ካርተር ይባላል። የካርተርን ነገር ከመጀመሪያው ማንሣት ይገባል። በ1962 ለክፍለ ግዛቱ ሴኔት ሲወዳደር፣ በክዊትማን ካውንቲ የአካባቢው ሹም በጠራራ ፀሐይ ኮሮጆ ሞላ። ድምፅ ከሰጠው ሰው ቁጥር ይልቅ በሳጥኑ የተገኘው ወረቀት በለጠ፤ ሙታንም መርጠው ተገኙ። ካርተር ማስረጃ እየሰበሰበ ከዳኛ ዳኛ ሄደ። ጆን ፔኒንግተን የተባለ የአትላንታ ጆርናል ጋዜጠኛ ጉዳዩን ተከታትሎ በጋዜጣው አወጣ። በመጨረሻም ያ ሳጥን ተሰርዞ ካርተር ወንበሩን አገኘ። በ1966 ሲሸነፍ ግን የከሰሰው ሰው አልነበረም፤ በእርግጥ ተሸንፎ ነበርና። በሚቀጥሉት አራት ዓመታት ክፍለ ግዛቱን ከዳር እስከ ዳር ዞረ። በ1970 ተመልሶ አሸነፈ። በዚያ ዘመቻ የዘር መለያየትን የሚደግፉትን ሰዎች ለማባበል ያደረገው ነገር አያስመሰግነውም። በጥር 1971 በተሾመበት ዕለት ግን የዘር መድልዎ ዘመን አብቅቷል ብሎ በአደባባይ ተናገረ። ኬምፕም ቢሆኑ በ2006 ለግብርና ኮሚሽነርነት ተወዳድረው የተሸነፉ ሰው ናቸው። ሽንፈት የማያውቅ የጆርጂያ ፖለቲከኛ ፈልጎ ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

ወደ ቤት የማይገባበት ሽንፈት

ካርተር ለእኛ እንግዳ አይደሉም። በመስከረም 1989 የደርግንና የሻዕቢያን ተወካዮች እዚሁ አትላንታ በካርተር ማዕከል ፊት ለፊት ያገናኙት እርሳቸው ነበሩ። ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. በአገራችን ምርጫ ሲካሄድም ታዛቢዎቻቸውን ይዘው አዲስ አበባ ነበሩ። በወጣትነታቸው የተሞላ ኮሮጆ ያሰረዙት ሰው፣ ስለ እኛ ምርጫ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሰጡት ለዘብተኛ አስተያየት ብዙ ወገኖቻችንን ቅር እንዳሰኘ አይዘነጋም። ነገር ግን የ97ን ዕዳ በታዛቢ ላይ መጫን የራስን ቤት አለመመልከት ይሆናል።

ቅንጅት የአዲስ አበባን ምክር ቤት 138 ወንበሮች 137ቱን አሸነፈ። የከተማዋ ከንቲባ እንዲሆኑ የተመረጡት ዶክተር ብርሃኑ ነጋ ግን ወደ ማዘጋጃ ቤት ሳይሆን ወደ ቃሊቲ ወረዱ። መንግሥት ራሱ ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን አባላት ከአገር ወጥተው በ1999 ዓ.ም. እንደገለጹት፣ በሰኔና በጥቅምት ወር በተፈጸመው ግድያ 193 ሰዎች ሞተዋል። የቅንጅት መሪዎች በሐምሌ 1999 ዓ.ም. የዕድሜ ልክ እሥራት ተፈርዶባቸው በቀናት ውስጥ «በይቅርታ» ወጡ። ወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳ በታኅሣሥ 2001 ዓ.ም. ተመልሰው ታሰሩ፤ የ2002 ምርጫ ሲካሄድም በእሥር ቤት ነበሩ። ተመልሶ መወዳደር ቀርቶ ተመልሶ መራመድም ተከለከለ።

የግለሰቡ እሥራት ብቻ አልበቃም። ተወዳዳሪው የሚመለስበት ስምም ተወሰደ። የምርጫ ቦርዱ የቅንጅትን ስም በ2000 ዓ.ም.፣ የአንድነት ፓርቲን ደግሞ በጥር 2007 ዓ.ም. ከመሪዎቻቸው ነጥቆ ለሌላ ቡድን ሰጠ። ውጤቱ የታወቀ ነው። ኢሕአዴግና አጋሮቹ በ2002 ዓ.ም. ከ547 ወንበሮች 545ቱን፣ በ2007 ዓ.ም. ደግሞ ሁሉንም ያዙ። ኢሕአዴግ ከፈረሰ በኋላ በ2013 ዓ.ም. በተካሄደው ምርጫም ብልጽግና ፓርቲ ውጤታቸው በመጀመሪያ ከተገለጸው 436 ወንበሮች 410ሩን ወሰደ። ያን ምርጫ የመሩት የቀድሞዋ እሥረኛ ወይዘሪት ብርቱካን መሆናቸው ትልቅ ለውጥ ነበር፤ ትግራይ ግን በጦርነት ላይ ስለነበረች አልመረጠችም፤ በኦሮሚያም ዋና ዋናዎቹ ተቃዋሚዎች በውድድሩ አልነበሩም።

እንግዲህ በአገራችን ደጋግሞ የሚወዳደር ዕጩ ለምን አይበረክትም ለሚለው ጥያቄ የመጀመሪያው መልስ ይህ ነው። ሽንፈቱም ሆነ ድሉ እኩል የሚያሳስር ከሆነ ጽናት በእሥራት ዘመን እንጂ በድምፅ አይለካም። ይሁን እንጂ ይህ መልስ ሙሉ አይደለም። ገዥዎች ያላፈረሱትን ተቃዋሚው ራሱ ያፈረሰበት ጊዜ አለ። የቅንጅት መሪዎች ከእሥር ከወጡ ወራት እንኳ ሳይቆጠሩ በውጭ አገር ያለው ድጋፍ ሰጪ በሁለት ጎራ ተከፍሎ በየአዳራሹ ሲወጋገዝ ነበር። ድምፅ የሰጠው ሕዝብ የስም ዝርዝር የት አለ? በየቀበሌው የታዘቡት ወጣቶች የት ናቸው? ብሎ የጠየቀ ጥቂት ነው። ምርጫ ሲደርስ ተመሥርቶ ምርጫው ሲያልፍ የሚበተን ፓርቲ አምስት ጊዜ ቢወዳደርም አምስቱም ጊዜ አዲስ መጪ ነው። ሁልጊዜ ሀ ብሎ ይጀምራል፤ ሁልጊዜም ከሀ አያልፍም።

ታዲያ ምን ይደረግ?

የምንለው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ በዚህ አገር ዜግነት ያገኘ ኢትዮጵያዊ ሁሉ ዛሬውኑ ስሙ በመራጮች መዝገብ ላይ እንዴት እንደተጻፈ ይመልከት። በመንጃ ፈቃዱ ላይ ካለው ጋር ፊደል በፊደል ያስተያየው። በክላርክስተንም ሆነ በቀረው የዲካልብ ካውንቲ የወገኖቻችን ቁጥር ጥቂት አይደለም። በ11 ሺህ ድምፅ ፕሬዚዳንት በሚለይበት ክፍለ ግዛት «የእኔ ድምፅ ምን ይለውጣል?» ማለት አያዋጣም። ኬምፕን መምረጥም ኤብራምስን መምረጥም የእያንዳንዱ ሰው ፈንታ ነው። እኛ የምንቃወመው አለመመዝገብን ነው።

ሁለተኛ፣ ስለ አገራቸው ፖለቲካ ሌሊቱን በስልክ የሚከራከሩ ወጣቶቻችን የማንኛውንም ዕጩ ዘመቻ ለአንድ ወቅት ያገልግሉ። በር ማንኳኳትን፣ የመራጭ ዝርዝር መያዝን፣ የአንድ ጣቢያን ድምፅ መታዘብን በእጃቸው ይማሩት። ይህ ዕውቀት በአዳራሽ ስብሰባ አይገኝም። አገራችን የቆጠረውን ሰው ድምፅ የምታከብርበት ቀን ሲመጣ የሚያስፈልጋት ይህን ሥራ የሚያውቅ ሰው ነው።

ሦስተኛ፣ ከእንግዲህ «እመራችኋለሁ» ብሎ ለሚመጣ ፖለቲከኛ ሁሉ አንድ ዓይነት ጥያቄ እናቅርብለት። ባለፈው ጊዜ ስንት ሰው መረጠህ? እነርሱን ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ ጠየቅሃቸው? የሰበሰብከው ገንዘብ ሒሳብ የት አለ? ተሸንፈህ ከነበረ ለምን ተሸነፍህ? ለመጨረሻው ጥያቄ «ስለተሰረቅሁ» ብሎ ከመለሰ ማስረጃውን እንይ፤ ማስረጃ ካለው አብረነው እንቁም። ማስረጃ ከሌለውና ሌላ መልስም ከሌለው ግን በትሕትና እናሰናብተው።

የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል ማለት እውነት ነው። ሥሩ ያልተነቀለ ግንድ ግን ዝናብ ሲመጣ ያቆጠቁጣል። የፖለቲካ ሥር ደግሞ በስም የተመዘገበ፣ በአድራሻው የሚታወቅ፣ በየዓመቱ የሚጠየቅ መራጭ ነው። ያ ሥር ለሌለው ተወዳዳሪ የመጀመሪያው ሽንፈት የመጨረሻው ነው።

ቸር ይግጠመን።